የጉድሪ ሃያ ስድስት ልጆች

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰል አክሳዩ ደጉ ከቆሰበር ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው፣ ለከሰል ከሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ገባ። ትናንትና የቆረጠውን እንጨት ሊከምር ነበር። ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይራመድ የተንጋለለ ሰው አየ።

“የሰከረ መስሎኝ ነበር” አለ በኋላ ለፖሊስ ሲናገር። “ጠጋ ብዬ ‘ወንድም፣ ተነሣ፣ መሬቱ ይበርዳል’ አልኩት። ከዚያ ዓይኑን አየሁት።”

ዋና ኢንስፔክተር እቴናት ከሳጅን ሙሉሰው ጋር ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። እቴናት የአርባ አራት ዓመት ሴት ናት። ዳንግላ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል የምትናገር፣ በሃያ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ተጠርጣሪ ላይ አንድም ቀን ያልጮኸች። ሬሳውን ዞረችው። ሰውየው በጀርባው ወድቆ ራሱ በቅርብ የተቆረጠ ጉቶ አጠገብ አርፏል። የጉቶው ጠርዝ ላይ ዝናብ ያላጠበው ደም አለ።

“ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ሰዓቱም እጁ ላይ ነው” አለ ሙሉሰው። “ሌባ አይደለም የገደለው።”

“ቦርሳ አለው?”

“የለም።”

“ትከሻውን እየው። ማንገቻ የታከከበት ምልክት ጃኬቱ ላይ አለ። ቦርሳ ነበረው፣ ተወስዷል።”

የሟቹ ስም ዓለምነው ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ። በዞኑ አሥራ ሁለት ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ክብደት፣ ቁመትና የክንድ ውፍረት የሚለካ አንድ የአመጋገብ ጥናት ነበር፤ ዓለምነው የአራት መረጃ ሰብሳቢዎች አለቃ ሆኖ ይመራው ነበር። የተጎዱ ልጆች የበዙበት ቀበሌ አልሚ ምግብ ያገኛል፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት አያገኝም።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ነገራቸው። “ማክሰኞ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው። የተገፋ ይመስለኛል። ግን ወዲያው አልሞተም። አንድ ሰዓት፣ ምናልባት ከዚያም በላይ ቆይቷል።”

“የሚያነሣው ሰው ቢያገኝስ ኖሮ?” አለች እቴናት።

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። “ምናልባት ይተርፍ ነበር።”

* * *

የሟቹ ሚስት ምሥራቅ አስተማሪ ናት። ቤቷ በለቀስተኛ ቢሞላም ለእቴናት ጓዳ ገብታ መለሰችላት።

“ጠላት ነበረው?”

“አልነበረውም። ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አንድ ነገር ያብሰለስለው ነበር። እራት ላይ ‘ልጆቹ ሁሉ እኩል ናቸው’ ይላል። ስለ ልጆቻችን የሚያወራ መስሎኝ ‘እኩል ብንወዳቸው ምናለበት?’ አልኩት። ሳቀና ተወው።”

“ማክሰኞ ወዴት እሄዳለሁ አለ?”

“መስክ አለኝ ብሎ አምስት ሰዓት ላይ ወጣ። ከማን ጋር እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።” ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። “ምን ነበር ብጠይቀው ኖሮ!”

የሚኒባሱ ሹፌር ዓለምነውን ደኑ አጠገብ ካለው መገንጠያ እንዳወረደው አስታወሰ። አንድ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ፊቱን አላየም።

ከዓለምነው ደረት ኪስ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ተገኝቷል። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ “ዜሮና አምስት የት ገቡ? ማክሰኞ 7 ሰዓት አብረን እናያለን።”

“የሰሌዳ ቁጥር ነው” አለ ሙሉሰው ወዲያው። “መጨረሻው ዜሮ አምስት የሆነ መኪና። ወይም ባጃጅ።”

እቴናት አልተዋጠላትም፤ ግን የተሻለ ሐሳብ ስላልነበራት ፈቀደችለት። ሙሉሰው እስከ ማታ ፈልጎ በዜሮ አምስት የሚያልቅ ባጃጅ ዳንግላ ላይ አገኘ። ባጃጁ ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ከቆመ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

* * *

ሐሙስ ሳጅኑ ፊቱ በርቶ መጣ። “ሰው አግኝቻለሁ!”

አዝመራው የሚባል የጥሊሊ ገበሬ ነው። በነሐሴ ወር የጥናቱ ሰዎች ከልጁ ጣት ለደም ማነስ ምርመራ ደም ሲወስዱ ደርሶ ዓለምነውን በሰው ፊት “ሁለተኛ ብትመጣ እግርህን ነው የምሰብረው” ብሎታል። ከዚህም በላይ፣ ከሬሳው ሁለት እርምጃ ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ ተገኝቶ ነበር፤ የግራው ተረከዝ በሽቦ የተሰፋ። አዝመራው ያደረገው ኮንጎ ጫማም ግራ ተረከዙ በሽቦ የተሰፋ ነው።

እቴናት አዝመራውን አስቀምጣ በአገውኛ አናገረችው። ሰውየው ጠንካራ፣ ጉንጩ የገባ፣ ነገር የማያሳምር ነበር።

“ብያለሁ” አለ። “ደም ሲቀዱ ማንም አልጠየቀኝም። ተቆጣሁ። በማግስቱ ግን እሱ ራሱ ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ደሙ ለምን እንደሚወሰድ አስረዳኝ። ድንች አስይዤ ሸኘሁት።”

“ይህን ያየ አለ?”

“ሚስቴ።”

“ማክሰኞ የት ነበሩ?”

“ድንች ስቆፍር። ከወንድሞቼ ጋር።”

ሙሉሰው ሲወጡ እጁን አወናጨፈ። “ሚስት፣ ወንድም! ምስክር ነው ይሄ? ኢንስፔክተር፣ ይዘጋ እንጂ። ዛተ፣ ጫማውም ገጠመ። እንደዚህ የተሰፋ ጫማ ከመቶ ሰው አንድ ቢያደርግ ነው። ስለዚህ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ገዳዩ እሱ ነው።”

እቴናት ልትመልስለት ስትል ስልኳ ጠራ። ከሟቹ ስልክ ሰኞ የተደወለባቸው ቁጥሮች ታውቀዋል። ለአራቱም መረጃ ሰብሳቢዎች ደውሏል፤ ይህ የየዕለት ሥራው ነው። የመጨረሻው ጥሪ ግን ለአንዲት ሴት ነበር፤ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጅቷል።

“ሴት!” አለ ሙሉሰው።

* * *

ሚልካ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከተማው ውስጥ የጤና ቁጥሮችን የሚተነትነውን ባዮስታቲስቲክስ ታስተምራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ዘንድ ኦርጋን ትጫወታለች። እንግዶቹን ስታይ ወንበር ላይ የተከመረውን የፈተና ወረቀት አነሣችላቸው።

“ስለ ዓለምነው ነው አይደል? እኔ ራሴ ልመጣ ነበር፤ የት እንደምሄድ አላወቅኩም።”

“እንዴት ትተዋወቁ ነበር?” አለ ሙሉሰው፣ ጠበቅ አድርጎ።

“ባለፈው ዓመት ስልጠና ሰጥቼው ነበር። ሰኞ ደውሎ ‘አንድ ቀበሌ አለኝ፣ አማካዩ ልክ ነው፣ ግን ልጆቹ ሁሉ እኩል ናቸው’ አለኝ። ረቡዕ ወረቀቱን ይዤልሽ እመጣለሁ ብሎ ነበር። የማን ወረቀት እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ‘የሰው ስም በከንቱ አላጠፋም፣ መጀመሪያ አብሬው ሄጄ ልይ’ ነው ያለኝ።”

እቴናት ደብተሩን ከፍታ አሳየቻት። ሚልካ አንዴ ብቻ አነበበችው።

“ቁጥር እየሠራ ነበር” አለች። “የክብደቶቹ የመጨረሻ አኃዝ ነው።”

“አስረጂኝ፤ ግን እንደማያውቅ ሰው።”

“ይልቅ ሁለታችሁም አንድ ነገር ሥሩልኝ።” ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። “ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ካሉት አኃዞች እንደመጣላችሁ ሃያ ጻፉ። ሳታስቡ።”

ጻፉ። ሚልካ የሳጅኑን ወረቀት አነሣች። “ሰባት አራት ጊዜ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ዜሮ የለም። አምስት አንድ። ጎን ለጎን የተደጋገመ አኃዝ የለም። የእርስዎም ዜሮ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ኢንስፔክተር። ሰው ቁጥር ከራሱ ሲፈጥር ዜሮና አምስትን ይሸሻል፤ በጣም የተስተካከሉ፣ የተሠሩ ይመስሉታል። በእውነት ሲመዝን ግን ተቃራኒው ነው። ልጁ በሚዛኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይወራጫል፣ መርፌው ይወዛወዛል፣ የመዛኙ ዓይን ወደ ወፍራሙ መስመር ይሄዳል። ስለዚህ በእውነተኛ ወረቀት ላይ ዜሮና አምስት ይበዛሉ። ስሕተት ነው፤ ግን የሐቀኛ ሰው ስሕተት ነው።”

“ከአራቱ መረጃ ሰብሳቢዎች አንዱ እቤቱ ቁጭ ብሎ ሞልቷል ነው የምትይው?”

“ወረቀታቸውን ሳላይ ምንም አልልም። ካመጡልኝ ደግሞ ስማቸውን አይንገሩኝ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ይስጡኝ። አንዳቸውን አውቀው ይሆናል፤ ስም ካየሁ ዓይኔ ይዳኛል።”

እቴናት ይህን አባባል ወደደችው። ስትነሣ ድንገት ትዝ አላትና ስለ ጫማው ጠየቀቻት።

“ከመቶ አንድ?” አለች ሚልካ። “ማን ቆጠረው?”

ሙሉሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። “በግምት ነው።”

“ከመቶ አንድ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ ደን መንገድ የሚመላለስ ወንድ ሁለት ሺህ ከሆነ ሃያ ሰው ያንን ጫማ አድርጓል። ገዳዩ ከሃያው አንዱ ቢሆን አሥራ ዘጠኙ ንጹሕ ናቸው። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያሉት ወደ ከመቶ አምስት ወረደ።”

* * *

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እቴናት ሙሉሰውን ጥሊሊ ገበያ መግቢያ ላይ ደብተር አስይዛ አቆመችው። “የሚገባውን ወንድ ሁሉ እግር እይ። አንድም አትዝለል፤ ዱካው ግጥም ያለውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቁጠር።”

ሳጅኑ ሁለት ሰዓት ሙሉ እግር ሲቆጥር ቆየ። አንዳንዱ ገበሬ ጫማ የጠፋበት መስሎት አዘነለት። ማታ ቢሮ ሲገባ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

“ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወንድ። በሽቦ የተሰፋ የግራ ተረከዝ ያለው፣ አሥራ ስምንት።” ከዚያ ጨመረ፤ “አንዱ ሬሳውን ያገኘው ደጉ ነው። ዱካው የእሱ ነው። ጠጋ ብዬ ቀሰቀስኩት ብሎን አልነበር?”

አዝመራው በዚያው ምሽት ወደ ቤቱ ሄደ። እቴናት ራሷ እስከ በሩ ሸኘችው።

“ጊዜዎን ስላጠፋንብዎ ይቅርታ” አለችው።

“ገዳዩን ካገኛችሁት አልጠፋም” አለ። “ደህና ሰው ነበር።”

* * *

መረጃ ሰብሳቢዎቹ ማክሰኞ የት እንደዋሉ ሙሉሰው አስቀድሞ አጣርቶ ነበር። ሁለቱ አብረው አዘና ነበሩ፤ የወረዳው ሰዎች አይተዋቸዋል። ሦስተኛዋ ልጇ ታሞ ዳንግላ ሆስፒታል ውላለች። አራተኛው ይኸነው ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ጨዋ፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ዓለምነው ራሱ ያሰለጠነው። ማክሰኞ ጉድሪ በምትባል ቀበሌ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ከሰዓት አሥር ሰዓት ሃያ ስድስት ልጆች መዝኗል። የያንዳንዱ ልጅ ስም፣ የእናት ስም፣ የተመዘነበት ሰዓትና ሁለት ጊዜ የተወሰደ ክብደት በቅጽ ላይ ተሞልቶ ረቡዕ ጠዋት ለጥናቱ ቢሮ ገብቷል። ጉድሪ ከመገንጠያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ናት።

“ሃያ ስድስት ምስክር ያለው ሰው” አለ ሙሉሰው። “እኔም ከገበያው ጉድሪ ሄጄ ሦስት እናቶች ጠይቄያለሁ። ሦስቱም ‘አዎ፣ መዛኙ መጥቷል’ ብለዋል። ከአራቱ ቀዳዳ የሌለው የእሱ ነው።”

እቴናት ከጥናቱ ቢሮ አስወጥታ በፊደል ብቻ ለይታ የላከችላትን ወረቀቶች አይታ ሚልካ ቅዳሜ ደወለች። ሲደርሱ ግድግዳው ላይ አራት ሥዕሎች ለጥፋ ጠበቀቻቸው። ሦስቱ ላይ ዜሮና አምስት ላይ እንደ ምሰሶ የቆሙ ረጃጅም መስመሮች አሉ። አራተኛው ላይ ግን በሁለቱ አኃዞች ቦታ ባዶ ጉድጓድ ነው።

“ሐ” አለች ሚልካ። “በአራት ቀን ከሰጠው መቶ አራት ልጅ ውስጥ በዜሮ ወይም በአምስት የሚያልቀው የሦስት ልጅ ክብደት ብቻ ነው። በዕድል ብቻ እንኳ ወደ ሃያ መሆን ነበረበት። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ጊዜ ይመዘናል፤ የሌሎቹ ሁለት ልኬት አንዳንዴ እኩል ነው፣ አንዳንዴ በግማሽ ኪሎ ይለያያል፣ ልጅ ስለሚወራጭ። የሐ ሁሌም በመቶ ግራም ብቻ ይለያያል። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ይዩ።” ጣቷን ከሥሩ ባለው የክብደት ሥዕል አንድ ጠባብ ጉብታ ላይ አሳረፈች። “በየትም ቀበሌ ወፍራም ልጅ አለ፣ ቀጭን ልጅ አለ። ያ የሰው ወጉ ነው። ስርጭት እንለዋለን፣ በመጽሐፉ መደበኛ ልይይት ይባላል። የሐ ልጆች ግን ሁሉም አማካዩ ዙሪያ ተሰብስበዋል። የታመመ፣ የከሳ የለም ማለት ይቻላል። ዓለምነው ‘ልጆቹ ሁሉ እኩል ናቸው’ ያለው ይህን ነው። ይህ ሰው አማካዩን ያውቃል፤ ስርጭቱን መፍጠር ግን አልቻለበትም።”

“በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም?” አለ ሙሉሰው።

“መዝኖ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ወረቀት ከአሥር ሺህ አንዴ እንኳ አይወጣም። ግን በደንብ ይስሙኝ፤ ይህ አልመዘነም የሚለኝ እንጂ ገደለ የሚለኝ አይደለም።”

“እሱ የእኔ ሥራ ነው” አለች እቴናት። ፖስታዋን ከፈተችና የፊደሎቹን ዝርዝር አወጣች። ሐ ይኸነው ነበር።

ሳጅኑ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። “ሦስቱ እናቶችስ ታዲያ? መጥቷል አሉኝ እኮ።”

“የትኛዎቹን ነበር የጠየቁት?” አለች ሚልካ።

“ጤና ኬላው አጠገብ ያሉትን።”

“ለምን እነሱን?”

“መንገዱ ላይ ስለሆኑ። የቀሩት ወንዝ ማዶ ናቸው፣ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል...” ሙሉሰው የጀመረውን ሳይጨርስ ተወው።

“እሱም እንደዚያው አስቦ ይሆናል” አለች ሚልካ በቀስታ። “ለእግር የቀረበውን ናሙና ከወሰድን እግራችን የወደደውን መልስ እናገኛለን። የማክሰኞዎቹን ሃያ ስድስት ስሞች ይስጡኝ።”

ስሞቹን በየወረቀቱ ቆራርጣ ጽፋ በሳጅኑ ባርኔጣ ውስጥ ጨመረቻቸው። እቴናት ዓይኗን ጨፍና ስምንት አወጣች።

* * *

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም ከመገንጠያው ተነሥተው በእግር ወደ ጉድሪ ሄዱ። መስከረም እያለቀ ቢሆንም ወንዙ እስከ ጭን ይደርሳል። የሰፈሩ ሰዎች ፈረስ አምጥተው አሻገሯቸው። ሚልካ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ በአንገቷ አንጠልጥላለች።

ከስምንቱ ሁለቱ ከወንዙ ወዲህ ስለነበሩ ከመሻገራቸው በፊት ነበር ያገኟቸው። “አዎ፣ መጥቷል” አለች የመጀመሪያዋ እናት።

“መቼ?” ስትል እቴናት በአገውኛ ጠየቀች።

“ከመስቀል በፊት። ጤና ኬላው ደጅ ጥቂት ልጆች መዘነ፣ ከመዝገቡ ስም ገለበጠና ሄደ።”

“ማክሰኞ አልመጣም?”

“ማክሰኞማ ሁላችንም ከጤና ኬላው ሠራተኛ ጋር ለቅሶ ነበርን። ጤና ኬላው ተዘግቶ ዋለ።”

ሙሉሰው መሬት መሬት አየ። ይህን እሱ አልጠየቀም ነበር።

ከማዶ ያሉት አምስት እናቶች መዛኝ የሚባል ሰው አይተው አያውቁም። ሚልካ በየቤቱ የልጆቹን ክንድ ለካች። ጥብጣቡ ሦስት ቦታ ከጤናማው አረንጓዴ ወርዶ ቢጫ ላይ፣ አንድ ቦታ የክፉ ጉዳት ምልክት የሆነው ቀይ ላይ አረፈ። ቀይ ላይ ያረፈበት ልጅ በቅጹ ላይ አሥራ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ተብሎ ነበር። ሚልካ አቀፈችው። “ሰባትም አይሞላ” አለች፤ ድምፅዋ ተቀይሯል። እናትየዋ ነገውኑ ሆስፒታል እንድትወስደው ሙሉሰው ፈረስ እንደሚልክላት ቃል ገባ።

ስምንተኛው ቤት ዳገቱ ላይ ነበር። ማናለብሽ የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ወጣች። ቅጹ ላይ የተጻፈው “ይታይሽ፣ ሴት፣ የሁለት ዓመት፣ የእናት ስም ማናለብሽ። ሰዓት 7፡15። 10.3፣ 10.4” የሚል ነው።

“እህቴ፣ ይታይሽ የምትባል ልጅሽን ለማየት ነበር የመጣነው” አለቻት እቴናት።

ሴቲቱ ትኩር ብላ አየቻት። “እንዴት አልሰማችሁም፣ እትዬ? ይታይሽ የለችም። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ቀበርኳት። ከሳች፣ ከሳችና አለቀች።”

ሙሉሰው ባርኔጣውን አወለቀ። እቴናት የማናለብሽን እጅ ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ የመጣችበትን ነገር ረጅም ጊዜ አላነሣችም።

* * *

ይኸነው ሰኞ ጠዋት ሲጠራ ደረቱን ነፍቶ ገባ። ሸሚዙ ተተኩሷል።

“ስለ ጋሼ ዓለምነው ልረዳችሁ የምችለው ነገር ካለ...”

“አለ” አለች እቴናት። “ማክሰኞን ብቻ ንገረኝ። በቅደም ተከተል።”

ነገራት። ሳይደናቀፍ፣ ቤት በቤት። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ፣ ዝናቡ የት እንደያዘው።

“ጤና ኬላው ክፍት ነበር?”

“አዎ። ውኃ ጠጣሁ።”

“ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ የት ነበርክ?”

ይኸነው የቅጹን ግልባጭ ተቀብሎ አየ። “ዳገቱ ላይ ያለው ቤት። ይታይሽ የምትባል።”

“ታስታውሳታለህ?”

“አስታውሳታለሁ።”

“ስትመዝናት አላለቀሰችም?”

“ልጅ ሁሉ ያለቅሳል። ትንሽ አልቅሳ ዝም አለች።”

እቴናት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ጤና ኬላው ማክሰኞ ተዘግቶ ነው የዋለው፤ ሠራተኛዋም ሰፈሩም ለቅሶ ነበሩ። ይታይሽ ደግሞ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ተቀብራለች። ትናንት ከእናቷ ደጅ ቁጭ ብዬ ነበር።”

የይኸነው እጅ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

“በመዝገቡ ላይ ነበረች” አለ ይኸነው፣ ለራሱ እንደሚናገር። “ስሟ አልተሰረዘም ነበር።”

“ማክሰኞ ጉድሪ አልነበርክም።”

“አልነበርኩም።”

“መገንጠያው ላይ ዓለምነውን የጠበቅከው አንተ ነህ።”

ይኸነው ግልባጩን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እቴናት አላጣደፈችውም። በኋላ ሲጀምር አላቆመም።

“በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ መሻገር አቃተኝ። አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሰላሳ ልጅ ከራሴ ጻፍኩ፤ ጠዋት በደረቁ እሄዳለሁ ብዬ። ማንም አላወቀም። ከዚያ ሌላውን ቀን... ቀላል ሆነ። ዳንግላ አንድ መድኃኒት ቤት ሥራ ጀመርኩ፣ ሁለቱን አብሬ ያዝኩ። ጋሼ ሰኞ ደወለልኝ። አልተቆጣም። ‘ወረቀትህ አልገባኝም፣ ነገ አብረን ሄደን ጥቂቶቹን እንመዝን። እስክናይ ለማንም አልናገርም’ አለኝ። መገንጠያው ላይ ስንገናኝ ዝናብ ሊመጣ ነበር፣ በደኑ እናቋርጥ አልኩት። መንገድ ላይ ለመንኩት። ‘ወረቀቱን ስጠኝ፣ እንደገና እሠራዋለሁ’ አልኩት። ‘እንደገና እንሠራዋለን፣ ግን የመጀመሪያውን አልደብቅም’ አለ። ‘ምግብ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ’ አለኝ። ቦርሳውን ያዝኩ፤ እሱም ያዘ። ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም።”

“ከወደቀ በኋላስ?”

ይኸነው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

“ይተነፍስ ነበር?”

“ይተነፍስ ነበር።”

“መንገዱ ሃያ እርምጃ ነው። መኪና ያልፋል።”

“አውቃለሁ።”

“ምን አደረግክ?”

“ቤቴ ሄድኩ። የማክሰኞን ቅጽ መሙላት ጀመርኩ።”

እቴናት ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ቦርሳው የይኸነው ቤት ቆጥ ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ውስጡ የጉድሪ የአራት ቀን ወረቀቶች ግልባጭ በዓለምነው እርሳስ ተሠምሮበት ነበር።

* * *

የጉድሪ ልጆች በጥቅምት አጋማሽ እንደገና ተመዘኑ። ሚልካ ራሷ ቡድኑን መራች። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በይኸነው የአምስት ቀን ወረቀት ላይ ካሉት መቶ ሠላሳ ልጆች የተጎዱት አራት ብቻ ነበሩ፤ አሁን ከተመዘኑት መቶ ሃያ አራት ልጆች የተጎዱት ሠላሳ አንድ ሆኑ። ጥብጣቡ ቀይ ላይ አርፎበት ወደ ሆስፒታል የተላከው ልጅ በሦስተኛው ሳምንት ስምንት ኪሎ አለፈ። አልሚው ምግብ በመኪና እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ በፈረስ ጀርባ ገባ።

በመጨረሻው ቀን እቴናት ምሥራቅን ይዛ ሄደች። ምሥራቅ ባሏ ሊሄድ የፈለገበትን ቦታ ማየት ፈልጋ ነበር። ሚዛኑ ከአንድ ዋርካ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ እናቶች በሰልፍ ቆመዋል። ምሥራቅ ጥቂት ቆማ አየችና ሳትጠየቅ ሄዳ የልጆቹን ልብስ እያወለቀች ማቀበል ጀመረች።

ማናለብሽ ልጅ ሳትይዝ መጣች። ከሰልፉ አልገባችም፤ ከሚልካ ጎን ቆማ ጠበቀች።

“የይታይሽን ስም ከመዝገቡ ሰረዛችሁት አሉኝ” አለች።

“ከሚመዘኑት አውጥተናታል” አለች ሚልካ። “ግን ሌላ ገጽ አለ። ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት የሞቱ ልጆች የሚጻፉበት። እነሱ ካልተቆጠሩ ቀበሌው ምን ያህል እንደተጎዳ አይታወቅም። ይታይሽን እንድጽፋት ትፈቅጂልኛለሽ?”

ማናለብሽ ራሷን ነቀነቀች። ሚልካ ጠየቀቻት፤ ዕድሜዋን፣ የታመመችበትን ወር፣ ትኩሳት እንደነበራት፣ መብላት መቼ እንዳቆመች። ማናለብሽ በአገውኛ ስትናገር እቴናት እየተረጎመች፣ ሚልካ እየጻፈች ወደ ታች ወረዱ። አንድ ሣጥን ባዶ ቀረ።

“ይኼስ?” አለች ማናለብሽ በጣቷ እያሳየች።

“ክብደቷ ነው።”

“አሥር ኪሎ ነች ብሎ ጽፎ የለ ያ ሰው?”

“ጽፏል። እኔ ግን አልጽፈውም” አለች ሚልካ። “አልመዘንኳትም።”

ማናለብሽ ባዶዋን ሣጥን ትንሽ አየቻት። ከዚያ “ይሁን፣ እንዲያ ይሻላል” አለችና የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መልሳ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደች፤ የጎረቤቷን ሕፃን ከጀርባዋ ልታወርድላት።